የመጽሐፍ ሳጥናችን ይከፈት
(ከማኅበሩ ጸሐፊ የቀረበ የግል አስተያየት)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባሎችና የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

እንደሚታወቀው ማኅበራችን እዚህ መካነ ሰላም ላይ የሰፈሩን ሰው በሐዘንም በደስታም ለማገናኘት የቆመ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ በዕቃ ቤት ይገኛል። ሰው ሲሞት ቅሬው በሰዓቱ ይደርሳል። በዚህ በኩል የሚወቅሰን የለም። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት ግን በደንብ ስለምንሠራው ነገር አይደለም፤ ችላ ስላልነው አንድ ጉዳይ ነው። እሱም በአዳራሻችን ጥግ የቆመው የመጽሐፍ ሳጥን ነው።

ሳጥኑን የማያውቅ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት አንዳንድ ተዛውረው የሄዱ መምህራን የተዉልንን፣ ደሴና አዲስ አበባ ያሉ የሰፈራችን ልጆችም የላኩልንን መጻሕፍት ሰብስበን አስገባንበት። በዕለቱ ቡና ተፈላ፤ ተጨበጨበ፤ «እኛም ቤተ መጻሕፍት አለን» ተባለ። ቁልፉ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም ተረክቤ ቆለፍኩት። ከዚያ ወዲህ የሆነውን መናገር ቢያሳፍረኝም እናገራለሁ።

በቅርቡ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ፣ የጎረቤት ልጅ ናት፣ መንገድ ላይ አስቁማኝ «ጋሼ፣ ሳጥኑ መቼ ነው የሚከፈተው?» አለችኝ። «ምን ልታደርጊ?» አልኳት። «ላነብ ነዋ» አለች። «ሰኞ ነይ» አልኳት። ሰኞ መጣች፤ እኔ ቀብር ላይ ነበርኩ። ማክሰኞም መጣች፤ እኔ ቁልፉን እቤት ረስቼዋለሁ። «በቃ ነገ» አልኳት። ረቡዕ ዕለት ቁልፉን ይዤ፣ በሩን ከፍቼ እስኪመሽ ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። ልጅ ሁለት ጊዜ ከተመለሰች በሦስተኛው ምን ብላ ትመጣለች?

ያን ዕለት ብቻዬን ቁጭ ብዬ መጻሕፍቱን ቆጠርኩ። ጠቅላላው 148 ነው። 52ቱ በቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት ናቸው። 31ዱ ከእኛ ሰፈር ማንም የማያነባቸው ወፋፍራም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው። የቀሩት 65ቱ ግን ደኅና ናቸው፤ ልብ ወለድ አለ፣ ታሪክ አለ፣ የተረት መጽሐፍ አለ፣ ስለ እርሻና ስለ ጤና የተጻፈ አለ፣ መዝገበ ቃላት አለ። ከታችኛው መደርደሪያ ያሉትን እርጥበት ይዟቸዋል፤ አንዱን አይጥ ጀምሮታል። እኔ መጽሐፉ እንዳይጠፋ ብዬ ስቆልፍ፣ ለአይጥ ነበር ያስቀመጥኩት ማለት ነው። ስሕተቴ ዕቃ መጠበቅና መጽሐፍ መጠበቅ አንድ መስሎኝ ነው። ብረት ድስት ለዓመት ሳይበስልበት ቢቀመጥ ያው ብረት ድስት ነው። መጽሐፍ ግን ሳይነበብ ከተቀመጠ ወረቀት ነው።

እንግዲህ ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ ከአዳራሹ ጋር የተያያዘችውን ትንሿን ክፍል ለነጋዴ መጋዘን እናከራያት ወይስ አናከራያት የሚለው ነው። ኮሚቴው በሐሳቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ገንዘቡ አያስፈልገንም አልልም፤ ድንኳናችን ማርጀቱን ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ሐሳብ ግን ክፍሏ የሰፈሩ የንባብ ክፍል ትሁን የሚል ነው። ምክንያቴን ልዘርዝር።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ መጽሐፍ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። ከእኛ በስተ ሰሜን ምሥራቅ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ የመቅደላ አምባ አለ። በከተማችን ካምፓስ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንኳ ስሙን የወሰደው ከዚሁ አምባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ያሰባሰቡትን የብራና መጻሕፍት ያስቀመጡት እዚያ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ ሀብቱም ተዘረፈ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርሱም ለወታደሩ በጨረታ ሸጡት። ከመጻሕፍቱ ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ክብረ ነገሥትን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጠይቀው ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶላቸዋል፤ የቀረው ግን እዚያው ቀርቷል።

ይህ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም እንቆጫለን፤ ደግሞም ያስቆጫል። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የወሰዱብን ሰዎች እንኳ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ መርምረው ዝርዝራቸውን በ1877 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ ተመዝግቦ የመጣ አንባቢም ጠይቆ ያነባል። እኔ ግን በእጄ የነበሩትን 148 መጻሕፍት ለሦስት ዓመት ዝርዝራቸውን እንኳ አልጻፍኩም። ለንደን ስላለው መጽሐፋችን እያዘንን፣ እዚህ መካነ ሰላም ያለውን እኛው ራሳችን ብንቆልፍበት ታዲያ ማንን ልንወቅስ ነው?

ሁለተኛው ነገር፣ ያነበበ ሰው የሚያነበው ካጣ ያወቀውን ይረሳል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ገና የጀርባ ልጅ ነበርኩ። እናቴ እኔን አዝላ ፊደል ቆጥራለች፤ የምስክር ወረቀትም ተቀብላለች። ያ ዘመቻ በመጀመሪያ በ5 ቋንቋ ተጀምሮ ኋላ 15 የደረሰ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመ ትልቅ ሥራ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ጥፋት መፈጸሙን አልዘነጋሁም፤ ይህኛውን ግን ሠርተውታል። ዘመቻውን ያዘጋጁት ሰዎች ፊደል የቆጠረው ሕዝብ መልሶ እንዳይረሳ በየቀበሌው የንባብ ክፍል እንዲቋቋም ያደረጉትም ለዚሁ ነው። ይሁንና ክፍሎቹ አልቆዩም፤ ብዙዎቹ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኑ። እናቴም የምታነበው ስላጣች ቀስ በቀስ ረሳችው። እኔ ትንሽ ከፍ ስል ደብዳቤ ሲመጣላት «እስቲ አንብብልኝ» ትለኝ ነበር። ያን የምስክር ወረቀት እስከ ዕለተ ሞቷ ሳጥኗ ውስጥ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ማንበብ ስትችል የተሰጣት ወረቀት ነው፤ በኋላ ግን ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እንኳ ማንበብ አልቻለችም። ሁልጊዜ ይህ ነገር ይከነክነኛል።

እኔም ራሴ ከአንደኛ ደረጃ አልዘለልኩም። ዛሬ ቃለ ጉባኤ የምጽፈው ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ሳነብ ስላደግሁ ነው። ይህን ለኩራት አላነሣሁትም፤ ከትምህርት ቤት የወጣ ሰው ሁሉ መውጫው የት ነው የሚለውን ለማሳሰብ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የልጆቻችንን ነገር እንይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 ከመቶ፣ የ2015 3.2 ከመቶ፣ የ2016 5.4 ከመቶ፣ የ2017 8.4 ከመቶ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና የሚበልጠው ወደቀ ማለት ነው። ይህ የአንድ ዓመት ወይም የአንድ መምህር ጥፋት አይደለም። ከታች ሳያነብ የመጣ ልጅ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። በክልላችን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጸጥታው ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጅ ከትምህርት ውጪ ሆኗል። በዚያው በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የመማሪያ መጽሐፍ ስላልተዳረሰ አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ሆነው የሚጠቀሙ ልጆች እንዳሉ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። እቤት ደግሞ ስድስት ሰባት ሆነን በምንኖርባት አንድ ክፍል፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ እንግዳ እየገባ እየወጣ የት ተቀምጦ ያጥና?

እዚህ ላይ «ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ ሕንጻ ነው፣ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ ትልልቁን መንግሥት ይሠራል። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አብርሆት የሚባለው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተመርቆ ተከፍቷል። ነገር ግን ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ለአንድ ተረት መጽሐፍ አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅ የለም። ትንሹን የምንሠራው እኛ ነን።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ በስደት አሜሪካ ሄደው ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በሕፃናት ክፍል ይሠሩ ነበር። እዚያ የሌላው አገር ልጅ በቋንቋው መጽሐፍ ሲያገኝ የእኛ ልጆች አለማግኘታቸው ከነከናቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የከፈቱትም በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት ነው። ቀጥሎም ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት የመጽሐፍ ጋሪ ሥራ አስጀመሩ። ጋሪው ይመጣል፣ ጎኑ ይከፈታል፣ ልጆች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጧቸዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሥራው የተጀመረው በመኖሪያ ቤትና በአህያ ነው። እኛ አዳራሽ አለን፤ አግዳሚ አለን፤ በእኛ አገር ደግሞ አህያ አይጠፋም!

ደግሞስ ለወሎ ሰው አንባቢ መርዳት አዲስ ነገር ነው? አያቶቻችን ደረሳውንም የቆሎ ተማሪውንም ያበሉ ነበር። ከሩቅ አገር ኪታብ ሊቀራ የመጣውን ደረሳ፣ ዳዊት ሊደግም ቅኔ ሊቆጥር የመጣውን ተማሪ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ፣ ከራሳቸው ጉርሻ ከፍለው አስተምረውታል። እነሱ ማንበብ ሳይችሉ የሚያነብ ሰው አሳደጉ። እኛ ዛሬ የምንጠየቀው እንጀራ እንኳ አይደለም። አንድ ክፍል፣ አንድ አምፖልና ተራ ገብቶ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው።

አሁን የሚነሡ ተቃውሞዎችን ልመልስ።

«መጽሐፉ ይጠፋል» ይባላል። ይህን ከማንም በላይ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። አዎን፣ ጥቂቱ ይጠፋል። ነገር ግን የምንዋሰው ጎረቤት ለጎረቤት ነው፤ የእነ እገሌ ልጅ መሆኑ ይታወቃል። የቅሬውን ሳህንና ብርጭቆ ስናውስ በመዝገብ አይደለም እንዴ? ሲሰበር እንተካለን እንጂ «ሁለተኛ ሳህን አይወጣም» አላልንም። ለመጽሐፍም እንደዚያው ነው።

«ዘመኑ የስልክ ነው፣ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ» የሚሉ ወጣቶች አሉ። እኔ ስልክን አልቃወምም። ነገር ግን ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ሳይመለስ መቆየቱን አትርሱ። መጽሐፍ ኔትወርክ አይፈልግም፤ ካርድ አይሞላለትም። በዚያ ላይ ጥሩ ስልክ ያለው የሁሉም ቤት ልጅ አይደለም። የንባብ ክፍል ጥቅሙ ያለውም የሌለውም እኩል አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጡ ነው።

«ለማንበብ የማንችለው ምን እንጠቀማለን?» ያሉኝ እናቶች አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የንባብ ክፍል ዝም ብሎ ለሚያነብ ብቻ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ተማሪ በኩር ጋዜጣን ወይም አዲስ ዘመንን ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ የምትሰሙት እናንተ ናችሁ። ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ፣ የሚሞላ ቅጽ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ሲያስቸግራችሁ አንባቢ ታገኛላችሁ። ተረት የምታውቁ ሽማግሌዎችና እናቶች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ብታወሩላቸው፣ ልጆቹ እየጻፉ ያስቀሩታል። እኛ ያለ እናንተ የማናገኘው መጽሐፍ እሱ ነው። ፊደል መቁጠር የምትፈልጉ ካላችሁም ዛሬም አልረፈደም፤ ዕድሜ አያሳፍርም።

«የኪራዩ ገንዘብስ?» ለሚለው፣ ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ አቃልዬ አላልፈውም። ኪራዩ በየወሩ ይመጣል፤ ከንባብ ክፍል ግን ሳንቲም አይገኝም። ስለዚህ ድንኳኑን ለማሳደስ መዋጮ ማድረግ ሊኖርብን ነው። ይህን እያወቅን እንወስን። እኔ በበኩሌ መዋጮው ቢጨምር እከፍላለሁ። ክፍሏ አንዴ እህልና ሲሚንቶ ከገባባት ግን መልሳ የልጆች እንደማትሆን፣ በዘመቻው ጊዜ የተከፈቱት የንባብ ክፍሎች ዕጣ ያስተምረናል።

ስለዚህ ለጠቅላላ ስብሰባው የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ ትንሿ ክፍል ለአንድ ዓመት ሳትከራይ የንባብ ክፍል ሆና ትሞከር። በዓመቱ መጨረሻ የአንባቢው ብዛት ከመዝገብ ታይቶ ይወሰን። ሰው ካልገባባት፣ ይከራይ ብዬ እጄን መጀመሪያ የማወጣው እኔ ነኝ።

2ኛ/ ክፍሏ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ትከፈት። ሰዓቱ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ደግሞም ይከበር። የተዘጋ በር አንድ ጊዜ ያገኘ ልጅ እንደማይመለስ በራሴ አይቻለሁ። ሐዘን በሆነ ቀን አዳራሹ ለሐዘንተኛው ነው፤ ትንሿ ክፍል በጓሮ በር ትከፈታለች።

3ኛ/ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሁን። ሦስት ቁልፍ ይሠራና በተራ የሚይዙት አንድ ወላጅ፣ አንድ ወጣትና አንድ የኮሚቴ አባል ይመረጡ።

4ኛ/ የመጻሕፍቱ ዝርዝር ተጽፎ ይለጠፍ። ይህን ጀምሬያለሁ። ለማዋስ አንድ ደብተር ይበቃል፤ ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን። በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሳምንት።

5ኛ/ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ለይተን፣ የሚጠቅመውን ብቻ እናስቀር። ከእንግዲህ መጽሐፍ የሚልኩልን ወገኖች ከቤታቸው የተረፋቸውን ሳይሆን እኛ የምንፈልገውን እንዲልኩ እናስታውቅ። በተለይ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ፣ የቀድሞ ፈተናዎችና የልጆች ተረት ያስፈልገናል።

6ኛ/ በከተማችን ካምፓስ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈቃዳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዲያስጠኑልን በደብዳቤ እንጠይቅ። እምቢ ቢሉ የሚቀርብን ነገር የለም።

7ኛ/ መብራት ለሚጠፋበት ምሽት አንድ የሶላር ፋኖስ ከቅሬው ገንዘብ ይገዛ።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ያላጠፋሁ መስዬ ለመምከር አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁልፉ በኪሴ ነበር። ከዚህ ጽሑፍ በፊትም ያችን ልጅ ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እናቷ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። ልጅቷ አንድ የተረት መጽሐፍ መርጣ ወስዳለች፤ በደብተሩ ላይ በ1ኛ ቁጥር የተመዘገበችው እሷ ናት። የመመለሻዋ ቀን ከስብሰባችን በፊት ነው። መልሳ ስትመጣ የምትወስደው ሁለተኛ መጽሐፍና የምትቀመጥበት ቦታ ይኑራት አይኑራት የምንወስነው ግን ሁላችን ነን። ስለዚህ በስብሰባው ዕለት ማንም እንዳይቀር፤ ወላጆችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጉዳዩ የእነሱ ነውና።

ቸር ይግጠመን።

የማኅበሩ ጸሐፊ